ወልቂጤ ላይ የዳነው ጊታር

ጊታሩን ያገኘሁት ቡታጅራ ነው፤ አንድ የየመን ዓረብ ሱቅ ውስጥ፣ ከፋኖስና ከበቅሎ ልጓም መሀል ተሰቅሎ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንድፈትን ከወልቂጤ ተልኬ ነበር። ያኔ ከወልቂጤ ቡታጅራ ለመድረስ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነበረብን፤ ተራራውን በቀጥታ የሚያቋርጥ መኪና አልነበረም። ቢሆንም ቅር አላለኝም። የመስቃን ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ቡታጅራ ነው፤ ወልቂጤ የወሰደኝ ሥራና ትዳር ነው። ፈተናው ባለቀ ማግስት ለሁለቱ ሴት ልጆቼ የሹራብ ክር ልገዛ ገባሁና፣ ቀና ስል አየሁት።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ክሮቹ ላይ ነው፤ ክር ከተባሉ። አንድ ሰው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ በታትኖ ወጥሮበታል። ሽቦው ጎትቶ ጎትቶ ክሮቹ የሚያርፉበትን እንጨት፣ በክራር ብርኩማ የምንለውን፣ ከነሥሩ ነቅሎታል። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቅርጹ ግን ደህና ነው። ወገቡ ቀጠን፣ ትከሻው ጠበብ ያለ ነው፤ ማሠልጠኛ ሳለን እንደያዝናቸው ጊታሮች አልገዘፈም። በድምፅ ቀዳዳው ዙሪያ ከጥቃቅን ባለቀለም እንጨት የተለቀመ ጌጥ አለው፤ ያ ሁሉ ዘመን አልፎበት አንዲት ቁራጭ አልወለቀችም።

«ሐጂ፣ ያንን ያወርዱልኛል?» አልኳቸው።

ባለሱቁ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። «ምን ሊያደርግልሽ?» አሉኝ። «ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው። አንዱ ወታደር እመለሳለሁ ብሎ እዚህ አስቀመጠው፤ በዚያው ቀረ። ኋላ አንድ ሹፌር ላሠራው ብሎ ሽቦ አሰረበትና ጭራሽ ሰበረው።»

«ልየው ብቻ።»

አውርደው በጨርቅ ጠረጉልኝ። በቀዳዳው ወደ ውስጥ ስመለከት ከታች የተለጠፈች፣ ቢጫ የሆነች ወረቀት አየሁ። የሠሪው ስም፣ ከተማውና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎባታል፤ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ከወረቀቷ ራቅ ብሎ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረ ቀጭን መስመር አለ። ሠሪው የውስጡን ደጋፊ እንጨት የት ላይ እንደሚያጣብቅ ለራሱ ያሰመረው መሆን አለበት። እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያንን መስመር ደጋግሜ አየሁት። ሰውዬው ማንም አያየውም ብሎ ሳይሆን አይቀርም ያሰመረው፤ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«እወስደዋለሁ» አልኩ።

ሐጂ ሳቁ። «ውሰጂው። ግን ተሰበረብኝ ብለሽ እንዳትመልሺው፤ ተሰብሮ ነው የሄደው።» ከሹራብ ክሩ ላይ ትንሽ ጨምሬ ገዛሁት።

አሁን ለምን ያን ያህል እንደያዘኝ ልናገር። ጊታር የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። አንዲት ፈረንጅ መምህራችን ከትምህርት በኋላ ለፈለገ ሁሉ ታስተምር ነበር። ስንጀምር አንድ ክፍል ሙሉ ነበርን፤ ስንጨርስ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀረን፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ወልቂጤ ስመደብ አንድ ርካሽ ጊታር ይዤ መጣሁ። ሦስተኛ ክፍልን የማባዛት ሠንጠረዥ በዜማ አስተምር ነበር፤ ልጆቹም ቶሎ ይይዙ ነበር። አንድ ቀን ጥቂት አባቶች ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው «ልጆቻችንን የላክናቸው ለትምህርት እንጂ ለአዝማሪነት አይደለም» አሉ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። አስጠርተውኝ «ነገር ከሚበዛ ይቅርብሽ፤ ገና ወጣት ነሽ፣ ስምሽንም ጠብቂ» አሉኝ።

እኔም «እሺ» አልኩ። ጊታሩን ወደ ሌላ አገር ለተዛወረ ባልደረባዬ ሰጠሁትና አገባሁ፤ ወለድኩ። ስምንት ዓመት አንድ ክር አልነካሁም። የቆጨኝ ጊታሩ አይደለም፤ ያቺ ቶሎ ያልኳት «እሺ» ናት።

ከቡታጅራ ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የተሰበረውን ጊታር ታቅፌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «እታለም፣ እሱን ጣሪያ ላይ ልስቀልልሽ» አለኝ። «የለም፣ ይሄ ሕመምተኛ ነው» አልኩት። እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በጅማ መንገድ እስከ ወልቂጤ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ያዝኩት።

ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ ንግግር የማያበዛ፣ ሲናገር ግን የሚያስቅ ሰው። ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ነፍስ አለው?»

«ለጊዜው የለውም። ግን ይዘራል።»

«እንግዲያው አዲስ አበባ ይዘሽው መዋል ነበረብሽ።» እውነቱን ነው። ሰዓትም፣ ሬዲዮም፣ የስፌት መኪናም ሲበላሽ የሚሄደው አዲስ አበባ ነበር። ቆየት ብሎ ግን እንዲህ አለ፦ «ባለፈው የፈረንጁ ኢንጂነር የመለኪያ መሣሪያ የሚቆምበት ባለሦስት እግር እንጨት አንድ እግሩ ተሰበረ። ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ሠሩለት። ፈረንጁ የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ መለየት አቅቶት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያገላብጠው ቆየ። ለእሳቸው ለምን አታሳዪያቸውም?»

በአገራችን በእንጨት ሥራ የሚኖሩ ወገኖች አሉ። የቤቱን ምሰሶ ከጫካ የሚመርጡት፣ የሚጠርቡት፣ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ከደጃፉ አያልፉም። አብሯቸው ማዕድ የሚቆርስ፣ ልጁን የሚድርላቸው አልነበረም። አሮጊትና ሽማግሌ ሆነው እንኳ «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚባሉት። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። እኔም በዚያው ውስጥ ነው ያደግሁት፤ መምህርት ከሆንኩም በኋላ ምንም ብዬ አላውቅም ነበር።

ጠራቢው የመጡት በክረምቱ መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ነው። በር ላይ ቆሜ «እንደምን አደሩ፣ አባባ» ስላቸው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው ፈለጉ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ይመስገን» አሉ።

ያን ቀን ወደ ቤት ግቡ አላልኳቸውም። አማቴ ከአገና ሊጠይቁን መጥተው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ፈራሁ። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር በርጩማ አወጣሁላቸው። ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩት ጀመር። አንዴ ከጫፍ፣ አንዴ ከመሀል፣ አንዴ ከስንጥቁ አጠገብ ያንኳኩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

«የሠራው ሰው በሕይወት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የሚኖር አይመስለኝም። በጣም የቆየ ነው።»

«ነፍስ ይማር። እጅ ነበረው።» በጥፍራቸው የፊቱን እንጨት መስመር ተከተሉ። «ይዩት፣ መስመሩ ቀጫጭን ነው፤ የተጠጋጋ ነው። ይህ ብርድ አገር ቀስ ብሎ ያደገ ዛፍ ነው። የእኛም ጥድ በአረቅጥ በኩል፣ ደጋው ላይ ሲበቅል እንዲህ ይሆናል። ቆላ የበቀለ ቶሎ ይወፍርና መስመሩ ይሰፋል፤ እንዲህ አይጮህም።»

«አርጅቶ የለም ወይ? ይይዛል?»

«ጥሩነቱ እርጅናው ነው፣ እመቤቴ። አዲስ ምሰሶ ሲያንኳኩት ዝም ነው፤ ውኃ አለበት። አባቴ ያቆመውን ምሰሶ ዛሬ ቢያንኳኩት ግን ይመልስልዎታል።»

ስለ አሮጌ ዕቃ እንዲህ ሲናገር የሰማሁት ሰው አልነበረም። በዚያን ዘመን ሁላችንም አዲስ ነገር ፈላጊ ነበርን፤ ቆርቆሮ ከሣር፣ ላስቲክ ከቆዳ የሚመረጥበት ጊዜ ነበር። እኔ ራሴ ጊታሩን የወሰድኩት ስላዘንኩለት እንጂ ከአዲስ ይበልጣል ብዬ አልነበረም። እሳቸው ናቸው ዓይኔን የገለጡት። ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙረው ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ግንድ ተሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ የተገለጡ መሆናቸውን አሳዩኝ። አንገቱ ላይ የብዙ ዘመን አውራ ጣት ያሻሸውን ለስላሳ ቦታ እንድነካ እጄን ይዘው ወሰዱኝ፤ ወዲያው ግን እጄን መያዛቸው ትዝ ሲላቸው ደንግጠው ለቀቁት።

ሥራው አብዛኛውን ክረምት ወሰደ። በመጀመሪያ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈቱት። «ይህን ያሰረው ሰው በበግ ላይ የበቅሎ ጭነት ነው የጫነው» አሉ። የተቆለመመውን የፊት እንጨት ለማቃናት የእንሰት ቅጠል በፍም አሙቀው፣ እርጥቡን እየደራረቡ በላዩ ላይ አዋሉት። ለስንጥቁ መደገፊያ የሚሆን እንጨት ፍለጋ እስከ አረቅጥ በእግራቸው ሄዱ፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት አንድ የጥድ ቁራጭ ይዘው መጡ። ያንን እንደ ጥፍር እስኪሳሳ ጠረቡት። በጊታሩ ውስጥ ሊለጥፉት ሲሉ ግን እጃቸው በቀዳዳው አልገባ አለ። እጃቸው ትልቅ ነው፤ የእኔ ይገባል።

«እንግዲያው እኔ ነኝ የማጣብቀው» አልኩ።

«ሙጫው ይሸታል፣ እመቤቴ፤ ቆዳ ተቀቅሎ ነው።»

«ይሽተት።»

ያን ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። እጄን በቀዳዳው ከትቼ፣ እሳቸው ከውጭ በጣታቸው እየነኩ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ እዚያ፣ ጫን» እያሉኝ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና የወልቂጤ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ሙጫው እርጥበት አይወድም፤ ከቀዘቀዘ የእንጨቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ፈጥነው ያስገቡት፤ እሳት ዳር ያድርጉት» አሉኝ። «እኔ እዚህ እሆናለሁ።»

እጄ ጊታሩ ውስጥ እንደገባ ቆምኩ። እሳቸው እንሰቱ ሥር ሊጠለሉ ፈቀቅ ብለዋል፤ ዝናቡ ትከሻቸውን ይመታል። አባቶች ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው የወጡ ዕለት ያልኳት «እሺ» ትዝ አለችኝ። ይህችን ደግሞ እሺ ካልኩ ዕድሜ ልኬን እሺ እንዳልኩ ልኖር ነው።

«አባባ፣ ካልገቡ እኔም አልገባም፤ ሙጫው እዚሁ ይቀዝቅዝ» አልኳቸው።

አዩኝ። ጊታሩን አዩት። በመጨረሻ ያሸነፋቸው ሙጫው ይመስለኛል። ገቡ።

አማቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄዱ። ባለቤቴ ብድግ ብሎ የራሱን ወንበር አቀረበላቸው። ጠራቢው ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና የቃጫ ገመዳቸውን አወጡ። የብረት ማሰሪያ ስለሌላቸው ጊታሩን ዙሪያውን በቃጫ ጠፍንገው፣ በገመዱና በእንጨቱ መሀል ትንንሽ የወይራ ሽብልቅ እያስገቡ አጠበቁት። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ልጆቼ አጠገባቸው ተንበርክከው አዩ። ቆጮና ጎመን ሳቀርብ እኔና ባለቤቴ ከአንድ ሳህን አብረናቸው በላን። እሳቸው ጥቂት ቀምሰው ቶሎ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከሄዱ በኋላ አማቴ ወጡ። እሳቸው እዣኛ፣ እኔ መስቃንኛ ተናጋሪ ስለሆንን ከበድ ያለ ነገር ሲሆን በአማርኛ ነበር የምንነጋገረው።

«ልጄ፣ ምን አደረግሽ? ሰው ምን ይለናል?»

«እማማ፣ አገና ያለውን ቤትዎን ምሰሶ ማን አቆመው?»

እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ «እሱ ሌላ ነው» አሉኝና በማግሥቱ ካሰቡት ቀን ቀድመው ወደ አገና ተመለሱ። ባለቤቴ አውቶቡስ ላይ ሸኝቷቸው ሲመጣ ፊቱ ከብዶት ነበር፤ እኔን ግን በአንድ ቃል አልወቀሰኝም።

በጳጉሜን ጊታሩ ከቃጫው ተፈታ። ስንጥቁ በብርሃን ካልሆነ አይታይም። አዲሱ ብርኩማ ከወይራ ተጠርቦ፣ በክብርና በልክ ቦታው ላይ ተቀምጧል። የቀረው ክር ነው፤ ክር ደግሞ ወልቂጤ የለም። ትምህርት ሳይጀመር አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያድሱ አንድ አርመን ሽማግሌ ዘንድ።

አርመኑ ጊታሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ወረቀቷን አነበቡና ቅንድባቸው ከፍ አለ። «ይሄ ከጥሩ ሠሪ ቤት የወጣ ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ መስታወት በቀዳዳው አስገብተው ውስጡን በባትሪ እያበሩ ብዙ ቆዩ። በአውራ ጣታቸው ብርኩማውን ተጫኑት። አንኳኩት፤ እንደ ጠራቢው ጆሯቸውን አስጠግተው።

«ለጥገና ጣሊያን ልከሽው ነበር?»

«አይ፣ አልላክሁትም።»

«ታዲያ ማን ነው የሠራው? እዚህ ከተማ ይህን የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አልሠራሁትም።»

«ወልቂጤ ነው የተሠራው» አልኩ።

«ወልቂጤ? የጅማ አውቶቡስ ምሳ የሚቆምባት?»

«አዎ፣ እሷው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በሕይወቴ ዲፕሎማ ተቀብያለሁ፤ የጃንሆይ ፎቶ ካለበት አዳራሽ ስሜ ተጠርቶ ሽልማት ወስጃለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን ደረቴ ሞልቶ አያውቅም። ስለ ቃጫው ገመድ፣ ስለ እንሰቱ ቅጠል፣ ስለ አረቅጡ ጥድ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አርመኑ ሥራቸውን ትተው እንደ ተማሪ አዳመጡኝ።

በኋላ የናይሎን ክር አወጡና እየወጠሩ «ሽቦ እንዳይነካው» አሉኝ። «እነዚህ አሮጌዎቹ ለአንጀት ክር የተሠሩ ናቸው። ሽቦ ይገድላቸዋል።» ቃኝተው ሲጨርሱ ሰጡኝ። «ተጫወቺ።»

ጣቶቼ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠመኔና ሕፃን ሲይዙ ኖረዋል። የመጀመሪያውን ኮርድ ያዝኩ፤ ግማሹ ክር ታፈነ። ሁለተኛው ጠፋኝ። ላብ አጠመቀኝ። አርመኑ ግን አልሳቁም። «እሱም ከሃያ ዓመት በላይ ዝም ብሏል። አብራችሁ ጀምሩ» አሉኝ። ልወጣ ስል ከመደርደሪያ ሆዱ የተሰነጠቀ ማንዶሊን አውርደው እጄ ላይ አኖሩት። «ይህን ለሰውዬው ስጪልኝ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል አሁን፤ እሱን አምነዋለሁ።»

ያን ዓመት በሙሉ ተለማመድኩ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ እኔም የእኔን እሠራ ነበር። የጣቶቼ ጫፍ ቆሰለ፤ ተላጠ፤ ከዚያ ጠነከረ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ስይዝ ያ ጠንካራ ቆዳ ይሰማኝና ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ጊታሩ የራሱ ጠባይ ነበረው። በጉልበት ሲመቱት ይጨነቃል፤ በቀስታ ሲነኩት ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው፣ ጥርት ብሎ ይናገራል። ማሠልጠኛ ሳለሁ የተማርኩትን ድምፅ ማብዛት ትቼ ማዳመጥ ተማርኩ። ቀኝ እጄንም ያስተካከለልኝ የአገሬ ጭብጨባ ነው፤ በሠርግ ቤት ሴቶች ሲያጨበጭቡ ፈጥኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ምት በጣቶቼ እየፈለግሁ ስንት ሳምንት እንደፈጀሁ አላስታውስም። አንድ ቀን ልጄ ደብተሯን ትታ ተነሥታ ትከሻዋን ስትነቀንቅ እንዳገኘሁት አወቅሁ።

የጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጊታሩን ይዤ ጠራቢው ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ቀደም ብዬ ያደረስኩላቸው ማንዶሊን ተጠግኖ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ባለቤታቸው ቆጮ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ከዚያ ተጫወትኩላቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን በጊታሩ ጀርባ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ስጨርስ መዳፋቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

«ብዙ ቤት አቁሜያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሲኖርበት ግን ውስጡን አይቼ አላውቅም። ከሠራሁት ነገር ውስጥ ሕይወት ሲገባ የሰማሁት ዛሬ ነው፣ ልጄ።»

«ልጄ» ነው ያሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ «እመቤቴ» ብለውኝ አያውቁም።

የሰኔ የወላጆች ቀን ሲቃረብ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ፤ ያው የጥንቱ ዳይሬክተር ናቸው። ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ልጫወት መሆኔን ነገርኳቸው።

«የዚያን ጊዜውን ታስታውሻለሽ?» አሉኝ።

«አስታውሳለሁ። ያኔ እሺ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እሺ አልልም። ሌላም አለ። ጊታሩን የጠገኑት ሰው ከእንግዶች ጋር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።»

ብዕራቸውን ለረጅም ጊዜ በጣቶቻቸው አሽከረከሩ። «አንቺ ደግሞ» አሉ፤ ከዚያ «ወንበሩን እኔ ራሴ አቀርባለሁ» አሉ። አቀረቡም። ጠራቢው ነጭ ለብሰው መጥተው ሲቀመጡ ሁለት ሰዎች ከዚያው መስመር ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ዳይሬክተሩ አንዱ ባዶ ወንበር ላይ ራሳቸው ሄደው ተቀመጡ። ሌላው ባዶውን ዋለ።

ልጆቹ ስለ መስክና ስለ ዝናብ ራሳችን ያወጣነውን ግጥም ዘፈኑ፤ እኔ መታሁ። መጀመሪያ ሜዳው ጸጥ አለ፤ በጊታሩ ለስላሳ ድምፅ የተነሣ ሰው ሁሉ ለመስማት ወደ ፊት አዘነበለ። ምቱ ሲፈጥን ከኋላ አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያ የማውቀው ጭብጨባ ሆነ። ለልጆቹ አዝማሪነት ታስተምራለች ብለው ከከሰሱኝ አባቶች አንዱ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁ መስዬ ያለፍኩት።

አማቴም ከአገና መጥተው ነበር። ቆይቶ ባለቤቴ እንደነገረኝ፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ሴት «ይህ መሣሪያ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። አማቴም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የጣሊያን ነው፤ ሞቶ ነበር። ያዳነው ግን የኛ ሰው ነው» አሉ። «የኛ ሰው» ማለታቸውን ስሰማ አለቀስኩ። አገና ባለው ቤታቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ጠራቢውን እንዳላስገቧቸው አውቃለሁ። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ አርመኑ ከአዲስ አበባ ዕቃ ይልኩ ጀመር። አንድ ሰሞን ቫዮሊን፣ ሌላ ሰሞን አንገቱ የዞረ ጊታር በአውቶቡስ ይመጣል፤ ድኖ ይመለሳል። ጠራቢውን አዲስ አበባ እንዲገቡ ብዙ ለመኗቸው፤ «እንጨቱ እዚህ ነው ያለው» እያሉ እምቢ አሉ። እኔም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሴት ልጆች የጊታር ቡድን ከፈትኩ። አሮጌው ጊታር ለሁሉ አልዳረስ ሲል ጠራቢው ለትምህርት ቤቱ አንድ አዲስ ሊሠሩ ተነሡ። ልኩን ከአሮጌው በክር እየለኩ፣ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ጨረሱት። ፊቱ የደጋ ጥድ፣ ጀርባው ዋንዛ፣ ብርኩማው ወይራ ነው።

ይዘውት የመጡ ቀን ልጆቹን በሙሉ ከክፍል አስወጣሁ። ጠራቢው ግቢው መሀል ቆመው ጊታሩን ለቡድኑ ሰጡ። ወዲያው ሁለት ልጃገረዶች እኔ ልጀምር፣ እኔ ልጀምር ብለው አንገቱንና ወገቡን ይዘው ይጓተቱ ጀመር። እኔ ልቆጣ ስል ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ።

«ተያቸው» አሉኝ፤ «ጠንካራ ነው፤ አይሰበርም።» እንዲህ ብለው ከት ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።